ኮሚሽኑ የትኛውን የቢል መስመር መቀነስ ይችላል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ዕትማችሁ ስለ መብራት ዋጋ መናር ባወጣችሁት ጽሑፍ ግርጌ፣ ለሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የሚላክ የፊርማ ቅጽ አትማችኋል። ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቢላችን በግማሽ ይቀነስልን»። ሐሳቡ ቅን ነው፤ በዚህ መልኩ ከተላከ ግን መዝገብ ቤት ገብቶ ከመተኛት አያልፍም። ኮሚሽኑ ትልቅ ሥልጣን አለው። ሥልጣኑ ግን ቢሉ ላይ ካሉት መስመሮች በከፊሎቹ ላይ ብቻ ነው፤ በእነዚያም ላይ ቢሆን የሚወስነው በማስረጃ እንጂ በፊርማ ብዛት አይደለም። የታሪፍ ጉዳይ የዕለት ሥራችን ስለሆነ፣ ቅጹ ተስተካክሎ እንዲወጣ በማሰብ ይህን እንጽፋለን። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቢሉን እንዘርጋው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው የመብራት ኩባንያው የፔፕኮ ቢል ሲደርሰው አቅርቦት፣ ማከፋፈያ፣ ከዚያም ግብርና ተጨማሪ ክፍያ የሚሉ ክፍሎች ያያል። ማከፋፈያ የሚባለው የሰፈሩ ምሰሶ፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪው፣ ማዕበል ሲመጣ ሌሊት የሚወጣው የጥገና መኪና ዋጋ ነው። የኮሚሽኑ ጡንቻ ሙሉ የሆነው እዚህ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ኩባንያ ሁለት ረድፍ ምሰሶ ቢተክል ለሁሉም ኪሳራ ስለሚሆን፣ ሕጉ ለአንዱ ብቻውን እንዲሠራ ይፈቅድለታል። በምትኩ ማንንም ደንበኛ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችልም፤ ዋጋውንም ራሱ አይቆርጥም። ሜሪላንድ ይህን ቁጥጥር ለኮሚሽን የሰጠችው በ1910 ነው። ዛሬ አምስት ኮሚሽነሮች አሉ፤ ገዥው ይሾማቸዋል፣ የስቴቱ ሴኔት ያጸድቃል፣ የሥራ ዘመናቸው አምስት ዓመት ነው።

አቅርቦት የተባለው ክፍል፣ ማለትም ኃይሉ ራሱ፣ ሌላ ጌታ አለው። ሜሪላንድ በ1999 ባወጣችው ሕግ ማመንጨትን ከማከፋፈል ስለለየች፣ ጣቢያዎቹ ኃይላቸውን የሚሸጡት በጅምላ ገበያ ነው። የጅምላ ገበያውንና የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያውን ዋጋ የሚቆጣጠረው ደግሞ የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ፈርክ ነው። የዚህ ክፍፍል መሠረት በ1935 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። ገበያውን የሚያካሂደው 13 ስቴቶችን (አንዳንዶቹን በከፊል) እና ዲሲን የሚያገለግለው ፒጄኤም የተባለ ድርጅት ነው።

የሰሞኑ የዋጋ ንረት ትልቁ ምንጭ ከዚያ ነው። ፒጄኤም በጨረታ የሚቆርጠው «የአቅም ዋጋ» የሚባል ነገር አለ። ይህ ጣቢያው ላመነጨው ኃይል የሚከፈል አይደለም፤ በጁላይ ቀትር ሁሉም ማቀዝቀዣ በአንድ ጊዜ ሲነሳ «አለሁ» ለማለቱ የሚከፈል ነው። ለ2024/25 በአብዛኛው የመረቡ ክልል ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር። ለ2025/26 ወደ 269.92 ዘለለ፤ በባልቲሞር ዙሪያ፣ ቢጂኢ የተባለው የመብራት ኩባንያ በሚያገለግለው ቀጠና፣ 466.35 ደረሰ። ለ2026/27 329.17 ሆነ። በከፍተኛው ሰዓት 3 ኪሎዋት የሚያዝለትን ቤት ብንወስድ፣ በመጀመሪያው ዋጋ በዓመት 32 ዶላር ገደማ የነበረው በሁለተኛው 296 ዶላር ገደማ ይሆናል። ጭማሪው በአንድ ወር የማይታየው፣ ኩባንያዎቹ ኃይሉን የሚገዙት በተደራረቡ የሁለት ዓመት ውሎች ስለሆነ ነው፤ ቀስ እያለ ይገባል፣ ሲወርድም ቀስ እያለ ይወጣል።

ባልቲሞር ያለው ኮሚሽን ይህን ቁጥር መሰረዝ አይችልም። ማድረግ የሚችለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኩባንያው ለደንበኞቹ ኃይል የሚገዛበትን ጨረታ ይቆጣጠራል። ሁለተኛ፣ እንደማንኛውም ተከራካሪ ፈርክ ፊት ይቀርባል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ከንቱ አይደለም። የፔንሲልቬንያው ገዥ ጆሽ ሻፒሮ በ2024 መጨረሻ ለፈርክ ባቀረቡት አቤቱታ ሰበብ ለቀጣዮቹ ሁለት ጨረታዎች ጣሪያ ተበጅቷል፤ 329.17 ያቆመውም ያ ጣሪያ ነው። ስለዚህ የአቅርቦቱ መስመር የሚያንገበግበው አንባቢ ፊርማውን ለገዥው ቢሮና ለኮንግረስ ተወካዩ ቢልክ ይሻለዋል።

ስለ ቀሪዎቹ መስመሮች ብዙ አንልም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ቢል ላይ ያለውን የኢነርጂ ግብር የሚቆርጠው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ኢምፓወር ሜሪላንድ የሚለው፣ ለኃይል ቁጠባ ፕሮግራሞች የሚውለው ክፍያ በ2008 ሕግ የመጣ ነው፤ ግቡን የሚያስቀምጠው የስቴቱ ምክር ቤት ሲሆን ፕሮግራሞቹን መርምሮ የሚያጸድቀው ኮሚሽኑ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ «መብራት በርካሽ» የሚሉት ሻጮች ደግሞ ፈቃድ የሚያገኙት ከኮሚሽኑ ነው። ሊቀጣቸው፣ ፈቃዳቸውንም ሊነጥቅ ይችላል። በ2024 የወጣው ሕግ የእነዚህን ሻጮች የመኖሪያ ቤት ውል ከ12 ወር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሚል ወረቀት ይዞ በር የሚያንኳኳ ካለ አትፈርሙ።

አሁን ኮሚሽኑ በእርግጥ ወደሚወስንበት ወደ ማከፋፈያው እንመለስ። ስሌቱ ከሱቅ ሂሳብ ብዙ አይርቅም። የሥራ ማስኬጃ ወጪ፣ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ (ንብረቱ ሲያረጅ በየዓመቱ ከዋጋው የሚቀነሰው)፣ ግብር፣ በመጨረሻም ኩባንያው ላፈሰሰው ካፒታል የሚፈቀድለት ገቢ ይደመሩና ለደንበኞች ይከፋፈላሉ። አንድ ኩባንያ 1 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ንብረት አለው እንበል፤ ግማሹ በ4.5 ከመቶ ወለድ የተበደረው፣ ግማሹ የባለአክሲዮኖች። ኮሚሽኑ ለባለአክሲዮኖች 9.5 ከመቶ ቢፈቅድ፣ ወለዱ 22.5 ሚሊዮን፣ ትርፉ 47.5 ሚሊዮን፣ ድምሩ 70 ሚሊዮን ይሆናል። ትርፉ ከግብር የተጣራ ስለሆነ፣ የፌዴራሉን 21 ከመቶና የሜሪላንድን 8.25 ከመቶ ለመሸፈን ሌላ 18 ሚሊዮን ይጨመርበታል። እሱንም የሚከፍለው ደንበኛው ነው።

በሕዝብ ስብሰባ ላይ የሚጮኸው ሁሉ የሚጮኸው በዚያ 9.5 ላይ ነው። ኮሚሽኑ ጩኸቱን ሰምቶ ወደ 8.5 ቢያወርደው ምን ይቆጠባል? ትርፉ በ5 ሚሊዮን፣ ከግብሩ ጋር በ6.9 ሚሊዮን ይቀንሳል። ለ300 ሺህ ደንበኛ ሲካፈል በዓመት 23 ዶላር፣ በወር ከሁለት ዶላር በታች ነው። አሁን ትርፉን ሳንነካ፣ ኩባንያው ሊያወጣ ካቀደው ውስጥ የ100 ሚሊዮን ዶላር ግንባታ «አያስፈልግም» ተብሎ ቢቀር እናስላ። ወለዱ 2.25፣ ትርፉ 4.75፣ ግብሩ 1.8፣ በ30 ዓመት የሚከፈለው የእርጅና ቅናሽ 3.3 ሚሊዮን፤ በድምሩ ወደ 12.1 ሚሊዮን። ለአንድ ደንበኛ በመጀመሪያው ዓመት 40 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ ጥቂት እየቀነሰ ለ30 ዓመት ይቀጥላል። የኩባንያው ፍላጎትም ከዚህ ይነበባል። ለጥገና ያወጣው ገንዘብ እንደወጣ ይተካለታል እንጂ ትርፍ አይወልድለትም፤ አዲስ የተከለው ምሰሶ ግን ይወልድለታል። አሮጌውን ከመጠገን አዲስ መትከል ቢወድ አይገርምም። ስለዚህ ለኮሚሽኑ የሚቀርብ ጠቃሚ ጥያቄ «ትርፋቸው በዛ» ከሚለው ይልቅ «ይህ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ለምን አሁን? የጭነት ትንበያው የት አለ? ነባሩ ምን ያህል ሞልቷል?» የሚለው ነው።

ኮሚሽኑ ዋጋውን እንደልቡ እንዳያወርድ የሚያስረው ገመድም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1923 በብሉፊልድ፣ በ1944 በሆፕ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ መሠረት፣ ባለሀብቱ ተመጣጣኝ አደጋ ካላቸው ሥራዎች ጋር የሚቀራረብ ገቢ ማግኘት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ንብረት እንደመውረስ ይቆጠራል፤ ኩባንያውም ፍርድ ቤት ሄዶ ያሽረዋል። «በግማሽ ይቀነስ» የሚለው ልመና እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የሚጋጨው።

የክርክሩ ሂደት የራሱ ሰዓት አለው። ኩባንያው ማመልከቻውን ያስገባል፤ ኮሚሽኑ አዲሱን ዋጋ አግዶ የጉዳይ ቁጥር ይሰጠዋል። ከማመልከቻው አንሥቶ 210 ቀን ገደማ ጊዜ አለው፤ በዚያ ውስጥ ካልወሰነ ኩባንያው የጠየቀው ዋጋ ሥራ ላይ ይውላል። በእነዚህ ሰባት ወራት የኮሚሽኑ ሠራተኞች፣ የሕዝብ ጠበቃ ቢሮና ሌሎች ጣልቃ ገቦች ለኩባንያው በጽሑፍ ጥያቄ ይልካሉ፣ የባለሙያ ምስክርነት ያስገባሉ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃሉ። የሕዝብ ጠበቃ ቢሮው ከ1924 ጀምሮ ያለ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው፤ ደንበኛው የሚወክለው ጠበቃ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። ኮሚሽኑ ራሱ የማንም ጠበቃ አይደለም። ማኅበር ሆኖ ጣልቃ መግባት የሚፈልግ ደግሞ ጠበቃ መያዝና ኮሚሽኑ የቆረጠውን የመጨረሻ ቀን ማክበር አለበት፤ ቀኑ ካለፈ የሚቀረው አስተያየት መስጠት ብቻ ነው።

አስተያየትም ቢሆን ዋጋ የሚኖረው ሊጣራ የሚችል ነገር ሲይዝ ነው። «መብራት ሁልጊዜ ይጠፋል» ከማለት መንገዱን፣ ቀኑን፣ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት መጻፍ ይሻላል። ኮሚሽኑ የኩባንያን አስተማማኝነት የሚለካው በሁለት ቁጥር ነው፦ ደንበኛው በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ጨለመበት፣ በድምሩስ ስንት ደቂቃ። ፔፕኮ በዲሴምበር 2011 አንድ ሚሊዮን ዶላር የተቀጣው በዚሁ በአስተማማኝነት ጉድለት ነበር፤ ዛፎቹን በወቅቱ ባለመከርከሙም ጭምር። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ኮሚሽኑ በቁጥር የተለካ መመዘኛ እንዲያወጣ አስገደደው። ቅጣቱንም በአንድ ጥፋት እስከ 25,000 ዶላር አደረሰው።

ውህደትን መከልከልም ከሥልጣኑ አንዱ ነው። የጎረቤታችን የዲሲ ኮሚሽን ኤክሰሎን የተባለው የኃይል ኩባንያ ፔፕኮን እንዳይገዛ በኦገስት 2015 በአንድ ድምፅ ከልክሎ ነበር፤ በማርች 2016 ግን ተጨማሪ ግዴታዎችን አስፍሮ ፈቀደ። ብዙ ሰው መጨረሻውን ብቻ ያስታውሳል፤ ለነዋሪው የተገኘው ግን በዚያ በሰባት ወር መካከል በተደረገው ድርድር ነው።

ቅጹ ላይ ያየነው ሌላው ችግር የግል አቤቱታን ከታሪፍ ክርክር ጋር መቀላቀሉ ነው። «የባለፈው ወር ቢሌ 480 መጣ» የሚል ደብዳቤ በታሪፍ መዝገብ ውስጥ ቢገባ ማንም አያየውም። የሚሄደው ወደ ኮሚሽኑ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለኩባንያው አቤት ማለት ግድ ነው፤ የደወሉበት ቀንና የአቤቱታ ቁጥሩ ይያዝ። ቢሉ ላይ ንባቡ እውነተኛ ይሁን ግምት ተጽፏል፤ ከተከታታይ ግምቶች በኋላ የሚመጣ እውነተኛ ንባብ የወራቱን ልዩነት በአንዴ ይጭናል። ቆጣሪው ራሱ ከተጠረጠረ ምርመራ ይጠየቃል፤ የተፈቀደው ስህተት ሁለት ከመቶ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ከቆጣሪው ይልቅ ክረምት ላይ ከሚነሳው የሂት ፓምፕ ረዳት ማሞቂያ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ክርክር ላይ ነኝ» ብሎ ምንም አለመክፈል ነው። ክርክሩ የሚያስጠብቀው ያከራከረውን ብር ብቻ ነው። የወትሮው ቢል 120 ከሆነና 480 ከመጣ፣ 120ው ይከፈላል፣ በ360ው ላይ ይከራከሩበታል። 120ውን ያልከፈለ ሰው በሕግ ሊቆረጥበት ይችላል። ከመቁረጡ በፊት ኩባንያው የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ደግሞ፣ መቁረጡ የቤቱን ሰዎች ሕይወትና ጤና እንደማይጎዳ ለኮሚሽኑ በቃለ መሐላ ማረጋገጥ አለበት። ብርዱ 32 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች፣ ሙቀቱም ከ95 በላይ እንደሚሆን ሲተነበይ መቁረጥ ክልክል ነው። ቤት ውስጥ በጽኑ የታመመ ካለ የሐኪም ማረጋገጫ እስከ 30 ቀን ያዘገየዋል፤ ማረጋገጫው ግን ለኩባንያው መድረስ አለበት፤ ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት አያድንም።

ቤተ ክርስቲያኖቻችንንና ምግብ ቤቶችን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚመደቡት በንግድ ታሪፍ ሲሆን፣ ከኪሎዋት ሰዓቱ ሌላ በወሩ ውስጥ ከፍተኛ ጭነት በታየበት ግማሽ ሰዓት ልክ የሚታሰብ ክፍያ ሊኖርባቸው ይችላል። አንድ ሰንበት አራት ምጣድ (እያንዳንዱ 1.5 ኪሎዋት) ከሁለት ባለ 10 ኪሎዋት ማቀዝቀዣ ጋር በአንድ ላይ ከተነሳ 26 ኪሎዋት ይመዘገባል፤ ያ ግማሽ ሰዓት የወሩን ሙሉ ክፍያ ይወስናል። እንጀራው ቅዳሜ ማታ ቢጋገር 20 ብቻ ይሆናል። አንዱ ማቀዝቀዣ አዳራሹን ከቅዳሴ በፊት አብርዶ ሁለቱ እየተፈራረቁ ቢሠሩ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ይህን የክፍያ ዓይነት ማን እንደሚሸከም የሚወስነው ኮሚሽኑ ነው፤ የአብያተ ክርስቲያናት አስተዳደሮች ተባብረው በክርክሩ ውስጥ ቢገቡበት የሚያዋጣ ጉዳይ ነው።

ጽሑፋችሁ የውሃ ቢልንም አብሮ አንሥቷል። የውሃ አቅራቢው የደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ዋጋ በየዓመቱ የሚጸድቀው በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ምክር ቤቶች በኩል ነው፤ ሆኖም አቤቱታ ሲቀርብበት ኮሚሽኑ ዋጋው ምክንያታዊ መሆኑን መመርመር ይችላል። በማርች 2017 ያደረገውም ይህን ነው። ያኔ ታሪፉ 16 እርከን ነበረው፤ በቀን አማካይ ፍጆታው ወደ ላይኛው እርከን የተሻገረ ቤት ትርፉን ብቻ ሳይሆን የተጠቀመውን ውሃ ሁሉ በላይኛው ዋጋ ይከፍል ነበር። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው የሚኖሩበት ቤት ለብቻው ከሚኖር ሰው በነፍስ ወከፍ አብዝቶ ይከፍል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ኮሚሽኑ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ፤ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በአራት እርከን ተተካ። መነሻው የአንድ ደንበኛ አቤቱታ ነው፤ የፊርማ ዘመቻ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮች የሜሪላንድ ፈቃድ የሚሰጠው ይኸው ኮሚሽን ነው፤ ከ2015ቱ ሕግ ጀምሮ። የሞንትጎመሪ ታክሲዎች ግን በካውንቲው ሥር ናቸው። የሞባይል ስልክና የኢንተርኔት ዋጋ ግን የኮሚሽኑ ጉዳይ አይደለም።

ቅጹን አሌክሳንድሪያና ዲሲም ማሰራጨታችሁ ሌላ ስህተት ነው። ቨርጂኒያ የራሷ ኮሚሽን አላት፤ በ1902ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመ፣ ምክር ቤቱ ለስድስት ዓመት የሚመርጣቸው ሦስት ዳኞች ያሉት፣ ይግባኙም በቀጥታ ለስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሄድ። በወረቀት ላይ ከሁሉም ኃይለኛው ነው። ይሁንና በ2015 ምክር ቤቱ የመብራት ኩባንያውን የዶሚኒየንን መሠረታዊ ታሪፍ ክለሳ አስቆመበት፤ በ2023 ደግሞ የባለአክሲዮኖቹን ትርፍ 9.7 ከመቶ ብሎ ራሱ በሕግ ቆረጠ። እዚያ ያለ አንባቢ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት በሪችመንድ፣ በስቴቱ ምክር ቤት ያለውን የተወካዩን በር ነው። የአሌክሳንድሪያ ውሃ የግል ኩባንያ ስለሆነ በኮሚሽኑ ሥር ነው፤ የፌርፋክስ ውሃ ግን የሕዝብ ባለሥልጣን ስለሆነ አይደለም። በዲሲ፣ በ1913 የተቋቋመው ባለ ሦስት አባል ኮሚሽን በፔፕኮና በዋሽንግተን ጋዝ ላይ ይወስናል፤ የዲሲ ውሃን ዋጋ አይወስንም። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ስለሚያካትት፣ አቤቱታ ሲያቀርቡ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በውሳኔው ያልተስማማ ተከራካሪ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይለት ለራሱ ለኮሚሽኑ ማመልከት አለበት፤ ያን ያላደረገ ይግባኝ ሰሚው አይሰማውም።

ቅጹን እንደገና የምታትሙ ከሆነ፣ ከላይ የጉዳይ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው፤ ቁጥሩ ባዶ ከሆነ የተከፈተ ክርክር የለም ማለት ነውና ቅጹ ይቆይ። ከዚያ በታች «መንገድ፣ ቀን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት» የሚሉ ዓምዶች ይከተሉ። የሂሳብ ቁጥር አይጻፍበት፤ መዝገቡ ማንም ሊያየው የሚችል ነው። ለሦስቱ ኮሚሽኖች ሦስት የተለያየ ቅጽ ይውጣ። የአቅርቦት ዋጋን የሚመለከተው አንቀጽ ከሦስቱም ይሰረዝና ለብቻው ለገዥዎቹና ለኮንግረስ ተወካዮች ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በታሪፍ ጉዳይ የሚሠሩ ሁለት የጋዜጣው አንባቢዎች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ